ከአጤ ፋሪስ ጢስ እስከ ስቴሮይድ ፓፍ፦ የአስም ሕክምና ታሪክ በሰውና በድመት

መግቢያ

ዉድሮፍ ሂል የተባለው የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. በታተመው የድመት በሽታዎች መጽሐፉ ውስጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የምታሰማና የአየር ቧንቧዋ በአክታ የተሞላ ድመት ሁኔታ ገልጾ ነበር። ይህ ገለጻ ዛሬ የድመት አስም ተብሎ ስለሚታወቀው ሕመም ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከመቶ በላይ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ የሰውን አስም በቅርብ የሚመስል ሕመም በተፈጥሮ ከሚይዛቸው ጥቂት እንስሳት መካከል ድመት ዋነኛዋ ናት። የአየር ቧንቧዋ ኢዮሲኖፊል በሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ይወረራል፤ የቧንቧው ጡንቻ በቀላሉ ይኮማተራል፤ አክታው ይበዛል፤ ሕመሙ ከቆየም የቧንቧው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል።

የሰውም ሆነ የድመት አስም ሕክምና ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገዶች ሲጓዝ ቆይቷል። አንደኛው መደበኛ የሚባለው፣ በላቦራቶሪ ተፈትኖ መጠኑ በታወቀ መድኃኒት ላይ የተመሠረተው ሕክምና ነው። ሁለተኛው ሁለንተናዊ የሚባለው፣ የሕመምተኛውን ምግብ፣ አኗኗር፣ አካባቢና መንፈስ ከሕመሙ ጋር አዋሕዶ የሚያየውና ብዙ ጊዜም ዕፅዋትን፣ የመርፌ ውጊያን፣ የአተነፋፈስ ልምምድንና የመሳሰሉትን የሚያካትተው ነው። ሁለቱ መንገዶች እንደ ባላንጣ ሲቆጠሩ ይስተዋላል። ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር ግን በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ከሚታሰበው በላይ ስስ መሆኑ፣ ለሞት ያበቃው ስሕተትም በአንደኛው ወገን ብቻ ያልተፈጸመ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የጥንት ሐኪሞች ምክር

አስም የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ማለክለክን፣ በጭንቅ መተንፈስን ያመለክታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመተ ዓለም ገደማ እንደተጻፈ በሚገመተው የግብፃውያን የኤበርስ ፓፒረስ ውስጥ፣ ዕፅዋትን በጋለ ድንጋይ ላይ አድርጎ የሚወጣውን እንፋሎት በሸምበቆ መሳብን የሚያዝ መመሪያ ይገኛል። መድኃኒትን በቀጥታ ወደ ሳንባ የማድረስ ሐሳብ፣ ዛሬ በተለምዶ ፓፍ እየተባለ በሚጠራው መሣሪያ እንዳልተጀመረ ይህ በቂ ምስክር ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግብፅ ይኖር የነበረው አይሁዳዊ ፈላስፋና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ፣ በአስም ለሚሠቃይ አንድ መኰንን በዐረብኛ ቋንቋ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎለታል። የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል የሚናገረው ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ምግብ መጠንና ዐይነት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አካል እንቅስቃሴና ስለ ስሜት እርጋታ ነው። መድኃኒት የተጠቀሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዛሬው አጠራር ሁለንተናዊ የሚባለው ሕክምና በዚያን ጊዜ የዋናው ሕክምና ሌላ ስም እንጂ ከጎኑ የቆመ አማራጭ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1552 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ የስኮትላንዱን ሊቀ ጳጳስ ጆን ሐሚልተንን ለማከም ወደ ኤድንብራ ተጉዟል። ሊቀ ጳጳሱ ለዓመታት በአስም ሲሠቃይ የኖረ ነበር። ካርዳኖ የሕመምተኛውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ለሳምንታት ከተከታተለ በኋላ፣ ከሰጣቸው ትእዛዞች አንዱ የወፍ ላባ የተሞላው ፍራሽና ትራስ እንዲወገድ የሚል ነበር። የሕመምተኛው ጤና ተመለሰ። ሐሚልተን ያረፈው ከ19 ዓመታት በኋላ በፖለቲካ ምክንያት ተሰቅሎ እንጂ በአስም አልነበረም። ስለ አለርጂ ምንም በማይታወቅበት ዘመን የተሰጠው ይህ ትእዛዝ፣ ቀስቃሽ ነገርን ከሕመምተኛው ማራቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ካሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው።

የእንስሳትና የሰው ሕክምና በአስም ጉዳይ የተገናኙትም ከዚሁ ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው። ራሱ የአስም ሕመምተኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር እ.ኤ.አ. በ1698 ዓ.ም. ስለ አስም መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ትንፋሽ እያጠራት የኖረችን አንዲት ባዝራ ሬሳ ከፍቶ በሳንባዋ ላይ ያየውን ጽፏል። የሰውን ሕመም ለመረዳት የእንስሳን ሳንባ መመርመር እንደሚጠቅም የተረዳ ሐኪም ነበር።

ጢስ፣ ቡናና ሻይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በሕንድ አገር ለአስም ሕመምተኞች የዳቱራን ተክል ማጨስ የተለመደ መሆኑን የተመለከቱ እንግሊዛውያን ልማዱን ወደ አገራቸው ወሰዱት። ይህ ተክል በአገራችን አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር በመባል የሚታወቀው፣ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። በአውሮፓ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለውም ራሱ አጤ ፋሪስ ነበር። የደረቀው ቅጠል በሲጋራ መልክ ተጠቅልሎ ወይም በዱቄት መልክ ተቃጥሎ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ ነበር። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት በዚህ ዐይነት ጢስ በታፈነ መኝታ ክፍል ውስጥ ለዓመታት መኖሩ ይታወቃል።

ጢሱ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ተክሉ አትሮፒንና መሰል ንጥረ ነገሮችን የያዘ በመሆኑ፣ የአየር ቧንቧን የሚያጠብበውን የነርቭ ትእዛዝ በመግታት ለጊዜው ቧንቧውን ይከፍታል። ነገር ግን በአንድ ቅጠል ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። መጠኑ ሲያልፍ አፍ ይደርቃል፤ የዐይን ብሌን ይሰፋል፤ ልብ ይፈጥናል፤ አእምሮ ይቃዣል። አስተናግር የሚለው የአማርኛ ስምም ይህንኑ መቃዠት የሚያስታውስ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራው ኢፕራትሮፒየም የተባለው በመሳብ የሚወሰድ መድኃኒት የዚሁ የአትሮፒን ተወላጅ ሲሆን፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ሆኖ መጠኑ የታወቀና ወደ ደም ውስጥ እምብዛም የማይገባ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ አስም የሚናገር መጽሐፍ፣ ጠንካራ ቡና የአስምን ጥቃት እንደሚያቀልል አስፍሯል። ሶልተር ራሱ የአስም ሕመምተኛ ነበር፤ ድመት አጠገቡ ስትሆን ሕመሙ እንደሚነሣበትም አስተውሎ ጽፏል። እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ ድመት በአስም ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀችው ሕመምተኛ ሆና ሳይሆን የሰውን ሕመም ቀስቃሽ ሆና ነበር።

ቡናን በተመለከተ የሶልተር ትዝብት በኋላ ዘመን ጥናቶች ተደግፏል። ካፌይን የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ይከፍታል። የካፌይን ዘመድ የሆነውን ቴኦፊሊንን እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. ከሻይ ቅጠል ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ነው። ቴኦፊሊን ለሰውም ሆነ ለድመት አስም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲታዘዝ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በሚረዳው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ በመሆኑ፣ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ቦታውን ለቅቋል። አንድ ሲኒ ቡና በአስም ጥቃት ጊዜ የመድኃኒት ምትክ ሊሆን እንደማይችልም መታወቅ አለበት።

ከዕፅዋት ወደ ላቦራቶሪ

የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ከ2000 ዓመታት በላይ ለትንፋሽ ማጠር ማ ሁዋንግ የተባለውን ተክል ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከዚህ ተክል ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. የለየው ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ ነው። ኬ.ኬ. ቼንና ካርል ሽሚት በፔኪንግ ሜዲካል ኮሌጅ ያደረጉትን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ ኤፌድሪን በመላው ዓለም በአፍ የሚወሰድ የአስም መድኃኒት ሆነ። ያው ተክል ግን በኋላ ክብደት ለመቀነስና ኃይል ለመጨመር በሚል በገበያ ሲሸጥ፣ የልብና የአንጎል የደም ሥር አደጋ በማስከተሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ኤፌድሪን ያለባቸውን የምግብ ተጨማሪዎች አግዷል። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ ገር ነው የሚለው እምነት በዚህ ተክል ታሪክ ብቻ እንኳ ውድቅ ይሆናል።

ሌላው ምሳሌ የሮጀር አልቱንያን ሥራ ነው። ቤተሰቡ በሶርያ በአሌፖ ከተማ ሆስፒታል ያቋቋመ፣ ከአርመን ዘር የሚወለድ ሐኪም የሆነው አልቱንያን፣ እሱም የአስም ሕመምተኛ ነበር። በምሥራቅ ሜዲትራንያን አገሮች ለሆድ ቁርጠትና ለመሳሰሉት ሲያገለግል ከኖረው አሚ ቪስናጋ ከተባለ ተክል ኬሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። አልቱንያን ከዚህ ንጥረ ነገር የተወለዱ በርካታ ውህዶችን በራሱ ላይ እየሞከረ፣ አስሙን ሆን ብሎ በአለርጂ ቀስቃሽ እያስነሣ፣ የትኛው እንደሚከላከል ለዓመታት ፈተሸ። በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተገኘው ክሮሞግሊኬት የተባለው መድኃኒት የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በአስም መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንግዲህ ከአጤ ፋሪስ፣ ከማ ሁዋንግ፣ ከሻይ ቅጠልና ከአሚ ቪስናጋ የተወለዱ ይገኛሉ። ባህላዊው ዕውቀት ፍንጩን ሰጠ፤ ላቦራቶሪው መጠኑን ለካ፤ ጉዳቱን ከጥቅሙ ለየ።

የፓፍ ዘመንና ያስከፈለው ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ የመጀመሪያው በግፊት የሚሠራ ፓፍ ለገበያ ቀረበ። ሕመምተኛው በኪሱ በያዘው ትንሽ ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ እፎይ የሚልበት ጊዜ መጣ። በፓፉ ውስጥ የነበረው አይሶፕሬናሊን የአየር ቧንቧውን ይከፍታል፤ ልብንም ያፈጥናል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና ዌልስ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በአስም የሚሞቱ ሰዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ሲሰጡና መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሲደረግ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ።

ይህ ትምህርት ሙሉ በሙሉ አልተቀሰመም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኒውዚላንድ ተመሳሳይ የሞት ማዕበል ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በወጣ ጥናት የሞቱ ጭማሪ ፌኖቴሮል ከተባለው ፓፍ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታየ። የመድኃኒቱ አጠቃቀም ከተገደበ በኋላ ሞቱ በጉልህ ቀነሰ። ከ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሳልቡታሞል ለልብ ይበልጥ የሚራራ ቢሆንም፣ ዋናው ችግር በመድኃኒቱ ዐይነት ብቻ የሚታለፍ አልነበረም። ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ሕመምተኛውን ያረጋጋዋል፤ ከሥር ያለውን ብግነት ግን አይነካውም። ሕመምተኛው በፓፉ እየተደለለ ወደ ጤና ድርጅት ሳይሄድ ይዘገያል፤ ቧንቧው በአክታና በእብጠት እየተዘጋ ይሄዳል።

ብግነቱን የሚያበርደው መድኃኒት ኮርቲዞን ነበር። ይህ መድኃኒት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለከባድ አስም በአፍና በመርፌ ቢሰጥም፣ አጥንትን ማሳሳቱ፣ ስኳርን ከፍ ማድረጉና ልጆችን ከዕድገት ማገዱ ለረዥም ጊዜ አጠቃቀም እንቅፋት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ቤክሎሜታዞን የተባለው በመሳብ የሚወሰድ ስቴሮይድ ሲቀርብ፣ ጥቂት መጠን በቀጥታ ለሳንባ የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ። ዋጋው በቁጥር የታየው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከካናዳ ሳስካችዋን ግዛት የወጣ ጥናት፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ የተጠቀመበት የስቴሮይድ ፓፍ በአንድ ዕቃ በጨመረ ቁጥር በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ድመት ወደ ታሪኩ ስትገባ

የድመት አስም ከመቶ ዓመት በፊት ቢገለጽም፣ በሚገባ የተጠናው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ሕመሙ ከድመቶች ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል፤ የሲያም ዝርያ ድመቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። የታመመች ድመት መሬት ላይ ተኮራምታ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ትስላለች። ባለቤቶቿ ብዙ ጊዜ የዋጠችውን ጸጉር ልታስመልስ ነው ብለው ስለሚገምቱ ሕክምናው ይዘገያል። ምርመራው የደረት ራጅን፣ የሳንባ ፈሳሽ ናሙናንና ሌሎች ሕመሞችን መለየትን ይጠይቃል። በተለይ የሳንባ ትልና የልብ ትል ተመሳሳይ ሳልና ተመሳሳይ ኢዮሲኖፊል ስለሚያስከትሉ፣ ያለ ምርመራ አስም ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድመቶች የሚታከሙት በአፍ በሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ወይም ለሳምንታት በሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ነበር። መርፌው ለባለቤቱ ቀላል ቢሆንም ድመቷን ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊሊፕ ፓድሪድን የመሳሰሉ አሜሪካውያን የእንስሳት ሐኪሞች ለሰው የተሠራውን የፍሉቲካዞን ፓፍ ለድመት አስተዋወቁ። ድመት በታዘዘችበት ቅጽበት አየር መሳብ ስለማትችል፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ ለጨቅላ ሕፃናት በተሠራው ዐይነት የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያም በፊቷ ልክ በተሠራ ጭንብል በኩል ለጥቂት ጊዜ እንድትተነፍስ ይደረጋል። መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን እስኪያሳይ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ፣ በዚህ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በአፍ አብሮ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ድመት ተበዳሪ ብቻ ሳትሆን አበዳሪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ ሳልቡታሞልን ብቻ በየዕለቱ በፓፍ የወሰዱ ድመቶች የአየር ቧንቧ ብግነት ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በስቴሮይድ ታክመው ሳላቸው ከጠፋ ድመቶች መካከል በአብዛኞቹ ሳንባ ውስጥ ብግነቱ እንዳለ መቆየቱን አረጋግጧል። የምልክት መጥፋት የሕመም መጥፋት አይደለም። ድመት ተሻለኝ ብላ ስለማትናገር ሐኪሙ ሳንባዋን መመርመር ግድ ሆኖበታል፤ በዚህም ሳቢያ በሰው ዘንድ በቃል የሚሸፈነው ነገር በእርሷ ላይ ተገልጦ ታየ።

ሁለንተናዊው ሕክምና በሚዛን ላይ

ለድመት አስም የሚሰጡት አማራጭ ሕክምናዎች ብዙ ናቸው። አካባቢን ማስተካከል በማስረጃም በልምድም የሚደገፈው የመጀመሪያው ነው። የሲጋራ ጢስን፣ ሽቶን፣ የሚረጩ መዓዛዎችንና አቧራ የሚያስነሣ የድመት መጸዳጃ አሸዋን ማስወገድ፣ ከመጠን በላይ የወፈረችን ድመት ክብደት መቀነስ የካርዳኖን ፈለግ የተከተሉ ምክሮች ናቸው። የዓሣ ዘይት ከሉቲዮሊን ጋር ተሰጥቶ የቧንቧውን የመኮማተር ጠባይ እንደቀነሰ የሚያሳይ ጅምር ጥናት አለ፤ ስቴሮይድን ሊተካ ግን አይችልም። የመርፌ ውጊያና ሆሚዮፓቲ በድመት አስም ላይ ስለመሥራታቸው በቂ ማስረጃ አልተገኘም። መደበኛው ሕክምናም ከዚህ ሚዛን አላመለጠም። ተስፋ የተጣለባቸው ሲፕሮሄፕታዲንና ሴቲሪዚን የተባሉት የአለርጂ መድኃኒቶች በድመቶች ላይ ሲፈተኑ ብግነቱን አልቀነሱም።

ከሁሉ የሚያሰጋው በተፈጥሮ ስም የሚሰጠው መርዝ ነው። የድመት ጉበት ብዙ ንጥረ ነገሮችን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኬሚካላዊ ሥርዓት ጎድሎታል። በዚህም ምክንያት ለሰው ተራ የሆነው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ለሰው መተንፈሻ ጥሩ ነው የሚባለው የቲ ትሪ ዘይት፣ ለጉንፋን የሚወደሰው ነጭ ሽንኩርትም ለእርሷ መርዝ ናቸው። መድኃኒቱ ከተክል ይምጣ ከፋብሪካ፣ የሚወስደው አካል እንዴት እንደሚያስወግደው ካልታወቀ ደኅንነቱ አይታወቅም። ይህ መርሕ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለጉበት ሕመምተኞችም ይሠራል።

ሁለንተናዊው ሕክምና ለምን ተወዳጅ ሆኖ እንደሚኖር የሚያስረዳ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሟል። የአስም ሕመምተኞች በተለያዩ ቀናት ሳልቡታሞል፣ መድኃኒት የሌለበት ፓፍ፣ የማስመሰል የመርፌ ውጊያ ወይም ምንም ሕክምና እንዳያገኙ ተደረገ። የሳንባቸው የመተንፈስ ኃይል በሳልቡታሞል 20 በመቶ ሲጨምር፣ በሌሎቹ ሁሉ ጭማሪው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሕመምተኞቹ ምን ያህል እንደተሻላቸው ሲጠየቁ ግን የመሻል መጠኑ በሳልቡታሞል 50፣ በባዶው ፓፍ 45፣ በማስመሰሉ መርፌ 46 በመቶ ሆነ፤ ምንም ሕክምና ባልተሰጠበት ጊዜ 21 በመቶ ነበር። እንክብካቤ ስሜትን በእርግጥ ያሻሽላል። ሳንባው ግን ከስሜቱ ጋር አብሮ አይከፈትም። ሕመምተኛው ተሻለኝ እያለ ሊሞት የሚችለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ይህ ሲባል ሁለንተናዊው አስተሳሰብ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የአተነፋፈስ ልምምድ የአንዳንድ ሕመምተኞችን የኑሮ ደስታ እንደሚያሻሽል፣ ሲጋራ ማቆምና ክብደት መቀነስም አስምን ለመቆጣጠር እንደሚረዱ ታውቋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እነዚህ ከመድኃኒቱ ጋር መሰጠታቸው ቀርቶ በመድኃኒቱ ፈንታ ሲሰጡ ነው።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ያለው ትምህርት

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ አስም በከተማው ነዋሪዎች ዘንድ ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቶ የዓለምን ትኩረት ስቧል። በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እዚያው ጅማ የተደረገ ተከታይ ጥናት፣ በአንጀታቸው ሁክዎርም የበዛባቸው ሰዎች ትንፋሽ የማፏጨት ችግር አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። በድመት ዘንድ ትል የአስምን ምልክት አስመስሎ ሐኪምን ሲያሳስት፣ በሰው ዘንድ ደግሞ ትልና አለርጂ እርስ በርስ የሚገቱበት ሁኔታ መታየቱ፣ የሁለቱ የሕክምና ዘርፎች ዕውቀት ቢደጋገፍ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ይጠቁማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ 455,000 ሰዎችም በዚሁ ሕመም ሞተዋል። ከሞቱት አብዛኞቹ የነበሩት ሕክምና በማይዳረስባቸው፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚያው ዓመት ጂና በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ አካል፣ ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝ ከእንግዲህ የማይመከር መሆኑን አስታወቀ። ከ1960ዎቹ የሞት ማዕበል እስከዚህ ውሳኔ ድረስ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል። መጠኑ ትንሽም ቢሆን ስቴሮይድ አብሮ መኖር አለበት የሚለው መልእክት ግን ገና ወደየጤና ጣቢያው ሁሉ አልዘለቀም።

የመሣሪያ ውድነትም ሁልጊዜ ሰበብ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሄዘር ዛርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ የፓፉን አፍ በሚያስገባ ልክ ተበስቶና ዙሪያው ተደፍኖ በአስም ጥቃት ላይ ላሉ ሕፃናት ሲያገለግል፣ ከፋብሪካ ከሚመጣው ማጠራቀሚያ ያላነሰ ውጤት ሰጥቷል። ፓፍን በትክክል መሳብ ለማይችል ልጅ ወይም አዛውንት ይህ ጠርሙስ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ወደ ጤና ድርጅት የሚመጣ የአስም ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ነገር ሞክሯል። ባለሙያው ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ጢስ፣ ስለ ማርና ስለ ነጭ ሽንኩርት ሲነገረው ቢቆጣ፣ ሕመምተኛው በሚቀጥለው ጊዜ ይሰውርበታል። ቢጠይቅና ቢያዳምጥ ግን፣ አጤ ፋሪስ ያጨሰውን ከመመረዝ፣ ፓፉን በወር ሁለቴ የሚጨርሰውን ከሞት ሊታደግ ይችላል። በቤት ውስጥ ያለው የማገዶ ጢስ፣ የዕጣን ጢስና የሲጋራ ጢስም ሊጠየቅባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ናቸው። ማይሞኒደስ ከመድኃኒት በፊት ስለ አየር መጠየቁ ዛሬም አላረጀም።

ማጠቃለያ

የአስም ሕክምና ታሪክ የባህልና የሳይንስ ጦርነት ታሪክ አይደለም። ከዕፅዋት የተወሰደው ፍንጭ በመለኪያ ተፈትኖ መድኃኒት ሆኗል፤ በላቦራቶሪ የተሠራውም መድኃኒት ያለ ጥንቃቄ ሲወሰድ ገድሏል። ሁለቱንም የሚዳኘው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕክምናው ብግነቱን ያበርዳል ወይስ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል? ድመት ይህን ጥያቄ በቃል አትመልስም፤ መልሱ የሚገኘው ከሳንባዋ ነው። የሰውን ሕመምተኛ የሚያክመው ባለሙያም ተሻለኝ የሚለውን ቃል በአክብሮት ተቀብሎ፣ ደረቱን ማዳመጡን፣ የፓፉን አሳሳብ ማየቱንና ስቴሮይዱን መጠየቁን ሊዘነጋ አይገባውም።